ሥራ ፈቱ ማሽን

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ቢኖር ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናት። ለሌላው ሁሉ «ሜትር» ናት። ረጅም ስለሆነች የወጣላት የሚመስለው አለ፤ እውነቱ ግን ከኪሷ የማይለየው የመለኪያ ሜትር ነው። በር ትለካለች፣ ኮሪደር ትለካለች፣ የሊፍቱን ወለል ተንበርክካ ትለካለች። አንድ ጊዜ ታዞ የመጣ ማሽን በበሩ አልገባ ብሎ አምስት ቀን ደጅ አድሯል፤ «ይበቃል፣ በሩን እኔ አውቀዋለሁ» ያላት ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው አውቃለሁ ሲላት እጇ ወደ ኪሷ ይሄዳል።

ሥራዋ ሱፐር ኮምፒውተር ማቀድ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ከሚለው አይርቅም። አንድ ግዙፍ ማሽን ከመግዛት ይልቅ መካከለኛ መካከለኛውን አርባ ስምንት አድርጎ በገመድ ማያያዝና ሥራውን ማከፋፈል ነው። የእነሱ ሸክም የአየር ትንበያ ነው፤ ነገ የት ይዘንባል፣ ነፋሱ በየት በኩል ይነሳል። የትኛው ማሽን በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ስንት ሜትር ገመድ እንደሚያስፈልገው፣ ሙቀቱ በየት እንደሚወጣ፣ ወለሉ ክብደቱን ይችል እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ የምትስለው እሷ ናት።

ቤቷም እንደ ወረቀቷ ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። አንደኛው ወንበር ለእሷ፣ ሁለተኛው ለልብሷ። ማታ ስትገባ ሬዲዮ ትከፍታለች፤ ለማዳመጥ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ሰው እንዲያወራ። ብቻዋን መብላት ከለመደች ሰባት ዓመቷ ነው። ለመደችው ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ቻለችው እንበል።

ሰባቱ ዓመት የሚቆጠረው ከእናቷ ሞት ነው። እህትማማቾቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። ታናሿ ከእናቷ ጋር የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ትኖር ነበር፤ ሜትርም ካልተኮራረፉ እራቷን እነሱ ጋ ነበር የምትበላው። በግትርነት አንዷ ከአንዷ አትተናነስም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲኮራረፉ መሃል የምትገባው እናትየው ናት። ለትልቋ ትደውልና «እህትሽ ሰላም ብላሻለች» ትላለች። ወደ ታናሿ ዞራ ደግሞ «እህትሽ ስላንቺ ስትጠይቅ ነበር» ትላለች። ሰላም ያለም፣ የጠየቀም አልነበረም። ውሸቱ ግን ይሠራ ነበር።

እናትየው ድንገት በታመመችበት ቀን ሜትር የድሮውን ማሽን እየተከለች ነበር። ማሽን ክፍሉ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ታናሿ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። ሜትር ወጥታ ስልኳን ስታይ እናቷ አልፋለች። ከቀብሩ መልስ እህቷ ሰው ፊት «አንቺ ከማሽኖችሽ ጋር ኑሪ። እኔ ከዛሬ ወዲያ እህት አለችኝ አልልም» አለቻት። ሜትርም ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች። እናት ብትኖር በማግስቱ ሁለት ውሸት ዋሽታ ታስታርቃቸው ነበር። አሁን ማን ይዋሽላቸው?

አዲሱ ሥራ የመጣው ዘንድሮ ነው። ለአርባ ስምንቱ ማሽን አንድ ክፍል አልበቃ ሲል፣ ሃያ አራቱ አሮጌው ክፍል፣ ሃያ አራቱ ከግቢው ማዶ ባለው አዲስ ክፍል እንዲሆኑ አቀደች። በግቢው ሥር የተቀበረ አንድ ገመድ ያገናኛቸዋል። ማሽኖቹ በየሴኮንዱ እርስ በርሳቸው አጭር መልእክት ይላላካሉ፤ ትርጉሙ «አለሁ» ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ «አለሁ» ያላለ እንደሞተ ይቆጠርና ሥራው ለቀሩት ይከፋፈላል። ሦስት የሚለውን ቁጥር የመረጠችው እሷ ናት። ቁጥሩን የጻፈች ቀን እጇ ኪቦርዱ ላይ ትንሽ ቆየ። እሷን «አለሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?

ዕቅዷ ላይ አርባ ዘጠነኛ ማሽንም ነበረ። ትንሽ ነው፣ መጽሐፍ ቢያክል ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም» አለች ሜትር፣ እንደ እናቷ መዋሸት አልታደለችም። «ከሁለቱም ክፍል ውጪ ተቀምጦ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ይናገራል።»

«ሥራ ፈት ማሽን እዚህ ቤት አንፈልግም» ብለው ሰረዙት።

አብሯት የሚሠራው ኤሌክትሪሻን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ሥራ መፍታት የተከለከለው ለማሽን ብቻ ነው» አላት። ሳቋን በሳል ሸፈነች።

የሙከራው ቀን ኃላፊው ራሳቸው ባሉበት ኤሌክትሪሻኑ የግቢውን ገመድ ነቀለ። ሦስት ሴኮንድ አለፈ። አሮጌው ክፍል «እነዚያ ሞተዋል» አለ። አዲሱ ክፍልም «እነዚያ ሞተዋል» አለ። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ግን ሁለቱም የሟችን ሥራ ልረከብ ብለው በየራሳቸው መስመር በሚደርሱበት አንድ የጋራ መዝገብ ላይ እየተሻሙ ይጽፉ ጀመር፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይሰርዛል። ስክሪኑ ላይ የወጣው ትንበያ ለአንዲት ምስኪን ከተማ በአንድ ሰዓት ጎርፍም ሐሩርም አዘዘላት። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አዩ፣ ጎርፉም ሐሩሩም እዚያው ነው።

«በይ ያንን ሥራ ፈትሽን አምጪው» አሉ።

ማሽኑ ከሁለቱ ክፍሎች በአንዱ ቢቀመጥ ለአንዱ ያደላል፤ የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል። ሜትር ግቢውን በሙሉ ለካች። መብራትም የኔትወርክ መስመርም ያለው ሌላ ቦታ የጥበቃው ቤት ብቻ ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ማሽኑን አቅፋ ሄደች። ጥበቃው ከእሷ በፊት ጀምሮ በሩ ላይ ያሉ ሽበታም ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ቴርሞስና አንድ አሮጌ የመስመር ስልክ አለ። ከስልኩ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ማሽኑን አስቀምጣ ገመዱን ሰካች።

«ይሄ ደግሞ ምን ሊያደርግልን ነው፣ ልጄ?»

«ሥራ እንኳን የለውም፣ ጋሼ። እነዚህ ‹እነዚያ ሞቱ› ሲሉ ‹የለም፣ አሉ› ይላል። እነዚያ ‹እነዚህ ሞቱ› ሲሉም እንደዚያው። ሌላ ነገር አያውቅም። እኛ ‹ሽማግሌው› ነው የምንለው።»

ጥበቃው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ይሄማ የእኔ ሥራ ነው» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ቃል ሰጥቼ ነበር፤ ግን ሰሞኑን እንቅልፍ ነሳኝ። በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ አንዲት ሴት በዚህ ስልክ ትደውላለች። ‹ያቺ ረጅሟ፣ ሜትር የምትይዘው፣ አለች?› ትለኛለች። አለች እላታለሁ። አንዳንዴ ‹ከሳች እንዴ?› ትላለች። ደህና ናት እላለሁ። ‹አደራ እንዳይነግሯት› ብላ ትዘጋለች። የመጀመሪያ ቀን እህቷ ነኝ ብላኛለች።»

ሜትር የጥበቃውን አልጋ ጫፍ ይዛ ተቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው።»

ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ በር ስትገባ «እንደምን አደሩ»፣ ስትወጣ «ደህና ይደሩ» ብላ አልፋለች። ማንም አይጠይቀኝም እያለች ቤቷ ገብታ ሬዲዮ ስትከፍት፣ የሚጠይቃት ሰው በዚህ ስልክ እየደወለ ነበር። ደስታም ንዴትም አንድ ላይ መጣባት፤ ንዴቱ በራሷ ላይ ነው።

«ታዲያ ለምን ዛሬ ነገሩኝ?»

ጥበቃው ዓይናቸውን ወደ ስልኩ አዞሩ። «ካለፈው በፊት ያለውን ወር ዘለለች። ያለፈውንም ወር ዘለለች። የዚህ ወር ሰኞ ደግሞ ትናንት ነበር።»

ሦስት። ቁጥሩን የመረጠችው እሷ ናት።

የራሷን ስልክ አወጣች፣ ግን መልሳ ኪሷ ከተተችው። እህቷ ስሟን አይታ ብትዘጋባትስ? የሚያነሳ ሰው ባይኖርስ? ጥበቃው ነገሩ ገባቸውና የመስመር ስልኩን ወደ እሷ ገፉላት።

«በዚህ ደውዪ። ይሄን ቁጥር ታውቀዋለች።»

የእህቷን ቁጥር አልረሳችውም። ደወለች። አራት ጊዜ ጠራ፣ አምስት፣ ስድስት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መቁጠር ጠላች። ስምንተኛው ላይ ተነሳ። የመጣው ድምፅ ቀጥኗል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፣ ዛሬ ነው የወጣሁት። አለች?»

ሜትር ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጋሼ?» አለች እህቷ፣ አሁን እየፈራች። «ምነው ዝም አሉኝ? አለች አይደል?»

«አለሁ» አለች ሜትር።