እማማ ሎሚን የጠራሁበት ድምፅ

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ለመመስከር ስነሳ ይሄ ሦስተኛ እሁዴ ነው፤ ሁለቱን ጊዜ ፈርቼ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ግን አልቀመጥም። ድምፄ ሲሻክር ከሰማችሁ ማይኩ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፣ የኔው ነው፤ የቆምኩትም የእሱን ነገር ልነግራችሁ ነው። ጌታ ይባረክ!

ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብለው በየተራ አስነሱን። ግማሹ ክፍል ዶክተር፣ ግማሹ ፓይለት ሆነ። ታላቅ ወንድሜም ቤት ውስጥ ፓይለት እሆናለሁ ባይ ነበር፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል ጥላውን ተከትሎ ይሮጣል። ዛሬ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ የተሳፈራችሁ ታውቃላችሁ፣ ያበርረዋል እንጂ አይነዳውም። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እሱም እዚያ ኋላ ተቀምጦ እየሳቀ ነው! እኔ ተነስቼ «የሬዲዮ ዜና አንባቢ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲከብድ ሰፈራችን ያንቀላፋል። እኔ ከቤታችን ጀርባ ጥላው ሥር እቀመጥና የተጋጠ የበቆሎ ቆሮቆንዳ እንደ ማይክ ይዤ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ አነባለሁ። ዜናው መሃል ላይ ስለተቀደደ የጎደለውን ከራሴ እሞላዋለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ድምፄ አጥሩን አልፎ፣ ቦርከናን ተሻግሮ፣ ሐርቡ ድረስ፣ ከዚያም ወዲያ ወደማላውቀው አገር ሲሄድ ይታየኛል። በየቤቱ ሰው ሥራውን አቁሞ ይሰማኛል።

የሆንኩትስ? እዚሁ ደሴ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ገባሁ። መስኮቷ ጋ ተቀምጬ የታካሚ ስም እጠራለሁ። አንባቢ መሆኑ አልቀረልኝም፤ የማነበው ግን ካርድ ሆነ።

ቅዱሳን፣ አልዋሻችሁም፣ ክፉ ሠራተኛ ነበርኩ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከእናቴ ጋር ከተከራየነው ቤት ስወጣ ጀምሮ ፊቴ ይኮሳተራል። እሁድ እሁድ እዚህ መጥቼ እዘምራለሁ፤ ልቤ ግን ጌታን አኩርፏል። «ይሄን ድምፅ ሰጥተኸኝ መስኮት ሥር ወሸቅከኝ» እለዋለሁ። ስም ሦስት ጊዜ እጠራለሁ፤ አቤት ያላለ ሰው ካርዱ ከሁሉ ታች ይገባል። ሕጌ ይሄ ነበር።

አንድ ጠዋት «ዘሀራ እንድሪስ!» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠራሁ። የተነሳ የለም። ካርዱን ወረወርኩት። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከማለዳ ጀምሮ ፊት ለፊቴ አግዳሚው ወንበር ላይ የነበሩ፣ ከደሴ ዙሪያ የመጡ እናት መስኮቱ ጋ ቀረቡ። «ልጄ፣ እኔን ረሳሽኝ?» አሉ። መታወቂያቸውን ሳየው ዘሀራ እንድሪስ!

«ጆሮ የለሽም እንዴ? ሦስት ጊዜ ጠርቻለሁ!» አልኳቸው። አንቺ ብዬ፣ በዕድሜ እናቴን የሚበልጡትን ሰው።

«ወላሂ ሰምቼው ነበር፣ የኔ አልመሰለኝም። እሱ የልጅነቴ ስም ነው። ስዳር አማቴ ሎሚ ብላ ስም አወጣችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ዘሀራ ብሎ የጠራኝ የለም።»

ሙሽራ ስትገባ አማት ስም እንደምታወጣላት የኛ አገር ሰው ማን ያጣዋል? እኔም አላጣሁትም። ግን «ዛሬ አልቋል፣ ነገ ነይ» አልኩ። እሳቸው አልተቆጡም። አንገቴን ትክ ብለው አዩና «አንገትሽ ላይ ምን ወጣብሽ? አብጧል እኮ፣ ታየው ልጄ። አላህ አፊያ ያርግሽ» ብለውኝ ሄዱ። ተናድጄ መስኮቱን ዘጋሁት።

ቤት ገብቼ መስታወት ሳይ እውነታቸውን ነው። እንቅርት ነበር። ሐኪሙ «መውጣት አለበት። ግን የድምፅ ነርቭ በሥሩ ስለሚያልፍ ድምፅሽ ሊጎዳ ይችላል» አለኝ። እናቴ «በኢየሱስ ስም አይነካም!» አለች። እኔ ግን ፈራሁ። ያ ያማረርኩበት ድምፅ ሊሄድ ነው ሲባል እንዴት እንደሳሳሁለት!

ማደንዘዣው ሲወስደኝ ሕልም አየሁ። ከጦሳ ተራራ የወረደ ጭጋግ አገሩን ሞልቶታል። ጭጋጉ ውስጥ አግዳሚ ተደርድሮ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ያየኛል፤ እስክጠራው ይጠብቃል። እጄ ላይ ያ የበቆሎ ቆሮቆንዳ አለ። አፌን ስከፍት ድምፅ የለም። ያኔ ከኋላዬ አንድ ሰው እኔን ጠራኝ። እናቴ ሕፃን ሳለሁ በምትጠራኝ ስም፣ መሥሪያ ቤት ማንም በማያውቀው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። አቤት ልል ስል ነቃሁ። እውነትም ድምፅ አልነበረኝም።

ሐኪሙ «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ እንጠብቅ» አለ። ሥራ ስመለስ ስም የምትጠራው ሌላ ልጅ ሆነች፤ እኔ ከኋላዋ ካርድ እደረድራለሁ። አንድ ቀን ልጅቷ «ዘሀራ እንድሪስ! ዘሀራ እንድሪስ!» ስትል ሰማሁ። ደነገጥኩ። ካርዱን ከእጇ ወስጄ ወጣሁ።

እዚያው አግዳሚ ላይ ናቸው። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ በሹክሹክታ «እማማ ሎሚ» አልኳቸው።

«አቤት!» አሉ፣ ፊታቸው በራ። ከዚያ አወቁኝ። «ድምፅሽ የት ሄደ ልጄ?»

«አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፤ ለቅሶዬ አላስጨረሰኝም።

«አውፍ ብዬሻለሁ። አላህ ይመልስልሽ» ብለው ፊቴን በነጠላቸው ጠረጉት።

ገብቼ ከካርድ መደርደሪያው ጀርባ ወደቅሁ። «ጌታ ሆይ፣ በሕልሜ ጠርተኸኝ እስከ ዛሬ አልመለስኩልህም። አቤት። ድምፄ ቢመለስም ባይመለስም ያንተ ነኝ» አልኩት። ሃሌሉያ! ስንት ዓመት እዚህ ስዘምር ያላገኘሁትን ሰላም እዚያ አቧራ መሃል አገኘሁት!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምትመዘገብ እናት ሁሉ «ቤት ማን ይሉዎታል?» እላለሁ፤ ከካርዱ ጥግ ላይ በእርሳስ እጽፈዋለሁ። ከአግዳሚ አግዳሚ እየዞርኩም በሹክሹክታ እጠራቸዋለሁ።

እማማ ሎሚ ሌላ ቀን ለቀጠሯቸው መጥተው ታክመው ሲሄዱ መታወቂያቸውን መስኮቱ ላይ ረሱት። ይዤላቸው ስወጣ ከግቢው በር ደርሰዋል፣ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቷል። ሳላስበው አፌን ከፈትኩ።

«እማማ ሎሚ!»

ግቢው ሁሉ ዞረ። እሳቸውም ዞረው «አቤት!» አሉ። ከዚያ ገባቸው። «አልሐምዱሊላህ! መጣልሽ!» እያሉ ወደኔ፣ እኔ «ክብር ለጌታ!» እያልኩ ወደሳቸው። ሚኒባሱ ትቷቸው ሄደ፣ ማን ግድ ሰጠው! ሐኪሙ «ነርቩ እያገገመ ነበር፣ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል» አለኝ። ይበል፣ ተባረክ ብዬዋለሁ፤ ማን እንደመለሰው ግን እኔ አውቃለሁ!

ቅዱሳን፣ ሬዲዮ አልገባሁም፤ በዚህ ድምፅም የሚያስገባኝ የለም። ወደ መስኮቷ ግን ተመልሻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በእሷ ስትገባ አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ስም የምጠራበት ጊዜ አለ። ድምፄ አግዳሚውን አልፎ በሩ ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ አንዲት እናት ትነሳለች። ደስ ይለኛል፣ በእውነት ደስ ይለኛል።

ከመካከላችሁ የተመኘው ሳይሆንለት ቀርቶ፣ ተራዬ አለፈ፣ ካርዴ ከታች ገባ ብሎ የተቀመጠ ካለ፣ ጌታን እመኑት። እሱ ሦስት ጊዜ ጠርቶ አይተውም። የቤት ስማችሁን ያውቀዋል። ሲጠራችሁ ግን እንደኔ አትዘግዩበት፤ አቤት በሉት።