ጋኑን ያንኳኳሁበት ቀን

ጁባ ውስጥ፣ ከጀበል ኮረብታ ሥር፣ አንድ ጎኑ ተቆርጦ በረንዳ የሆነ አሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ እንሠራለን። ሦስት ነን። አንዱ በስደት ኢትዮጵያ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የሚፈጥን ደቡብ ሱዳናዊ ሠዓሊ ነው፤ ሸራ ትቶ ካስተም ገበያ በሚጣለው የጭነት መኪና መሸፈኛ ላስቲክ ላይ ይስላል። አንዷ የከተማዋ ልጅ ናት፤ የጁባ ዓረብኛ ግጥሟን ጀሪካን ላይ ትጽፋለች። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፣ ኢትዮጵያዊቷ ሸክላ ሠሪ። ጎረቤቱ እብዶቹ ይለናል። ቁርሳችንን በምሳ ሰዓት ስንበላ ስለሚያይ፣ ስለ አንድ ቀይ ቀለም ስንጯጯህ ስለሚሰማ አልፈርድበትም።

ሆቴል ያላቸው አንዲት የአገሬ ሰው፣ ደግ ሴት፣ አንድ ቀን ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሸክላ ሠሪ ነኝ አትበይ። ሴራሚክ አርቲስት በይ፤ ሰው ክፉ ነው» አሉኝ። ምን እንደፈሩልኝ ገብቶኛል። እኛ አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል። እናቴ ገንቦዋን ይዛ ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ ሕፃኖቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ለሥራዬ ከእናቴ መጠሪያ የተሻለ ግን አላገኘሁም።

«እትዬ፣ ያኛው ስም ያጥረኛል» አልኳቸው።

ባለፈው ዓመት ግቢያችን ውስጥ ዐውደ ርእይ ለማሳየት ስናስብ ሠዓሊው አዲስ ሐሳብ አመጣ። «ሰው የቆመ ዕቃ ማየት ሰልችቶታል። ሁሉንም ሸክላ ፊታቸው እንስበረው!»

«ደህና ሸክላ የሚሰብር ሰካራም ነው» አልኩ።

«አርቲስትም ይሰብራል፣ እታለም።»

«እንግዲያው ሰካራም አርቲስት።»

ገጣሚዋ ከሣቋ ብዛት ሻይዋን ደፋች። እኔ ግን ነገሩን ሳሰላስል ቆይቼ ሌላ መንገድ ነገርኳቸው። እናቴ ከእሳት የወጣ ሸክላን በጣቷ አንጓ ታንኳኳዋለች። ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ተሰንጥቋል፤ ዓይን ባያየውም ትሰብረዋለች እንጂ ለሰው አትሸጥም። «እሷ ጓሮ የምታደርገውን እኔ ሰው ፊት ላድርገው። እስከዚያ ቀን አንዱንም አላንኳኳም» አልኩ። ሠዓሊው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «ይኸው! ይኼ ነው!»

ከሥራዎቼ ሁሉ ትልቁ ትከሻዬ ድረስ የሚደርስ፣ ሦስት አንገት ያለው ጋን ነበር። አፈሩን ያመጣሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከረጃፍ፣ ከወንዝ ዳር ነው። በጋውን ሙሉ ጭቃውን እንደ ገመድ እየጠቀለልኩ፣ ዙር በዙር አሳደግሁት። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ መድረቅ ነበረበት። አንድ ቀን ከካስተም ስመለስ ፀሐይ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሠዓሊው፣ «ላግዝሽ ብዬ ነው፤ የእኔ ቀለም በፀሐይ ነው የሚደርቀው» አለኝ። ዞሬ ዞሬ አየሁት፤ ስንጥቅ የለም። ረጃፍ ሜዳ ላይ በሣርና በእበት ተኮስነው። ከአመዱ ሲወጣ ቀይ ነው፤ ሆዱ ላይ ጭሱ የጣለበት ጥቁር ደመና አለ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ባለ ሆቴሏ አይተውት በዚያው ሳምንት መግቢያቸው ላይ ማቆሚያ አሠሩለት።

ቀኑ ደረሰ። ቦዳ የሚባለው የኪራይ ሞተር ነጂዎች፣ የቢሮ ሰዎች፣ ባለ ሆቴሏም ከወዳጆቻቸው ጋር መጡ። ከትንንሾቹ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥርት ብሎ ጮኸ፤ አጨበጨቡ። ሌላው ታፈነ፤ በድንጋይ ሰበርኩት። ከዚያ በኋላ ጣቴን ባነሣሁ ቁጥር ግቢው ጸጥ ይላል።

ጋኑን አንኳኳሁ። ድምፁ ታፈነ። ዞሬ በሌላ በኩል አንኳኳሁ። ያው ነው።

ሠዓሊው ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ «ደህና ነው በይ። የጋን ድምፅ ወፍራም ነው ብትይ ማን ይከራከርሻል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማንም አይከራከረኝም ነበር። ባለ ሆቴሏም ገብቷቸዋል። «ኧረ ልጄ ተይው! እኔ ውኃ አልቀዳበት!»

«ውኃ ባይቀዳበትም የእኔ ነው የሚባለው፣ እትዬ» ብዬ ድንጋዩን አነሣሁ።

አንዴ መታሁት። ከሆዱ ተከፈለ። አንዱን ገል አንሥቼ በፀጉር ቅጥነት ውስጥ ለውስጥ የሄደውን ጥቁር መስመር እየዞርኩ አሳየኋቸው። በዚያች ሰዓት ከእኔ የረዘመ ሰው ግቢው ውስጥ ያለ አልመሰለኝም።

ሠዓሊው አንገቱን ደፍቶ፣ «ማሌሽ» አለ፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። ወዲያው ግን ገሎቹን ነጭ ጨርቅ ላይ መደርደር ጀመረ። «ይኼም ሥራ ነው፤ እናሳየዋለን።»

«አይታይም። ተፈጭቶ አዲሱ ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ ጭቃ እሳት የሚችለው ገል ሲደባለቅበት ነው።»

«ጋንሽን ልትፈጪው?»

«አንተ ነህ የምትፈጨው፤ ፀሐይ ላይ ያወጣኸው አንተ!»

ገጣሚዋ ሙቀጫውን ከፊቱ አስቀመጠችለት። ባለ ሆቴሏ ገሎቹን ሲያዩ ቆይተው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ወዳጆቻቸው እየሰሙ፣ «ማቆሚያውን አላነሣውም። ባዶውን ይጠብቅሽ» አሉኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አፈር ልቆፍር ረጃፍ ወረድኩ።