በርቺ ስንላት

በእኛ ሰፈር ሰውን ማበርታት ማለት ሄዶ መቀመጥ ነው። የታመመ ሲኖር ግድግዳውን ተደግፈን እንደረደራለን፣ «በርቺ» እንላለን፣ እንወጣለን። አዳማ ከመጣሁ ጀምሮ ስንቱን እንዲህ እንዳበረታሁ አላስታውስም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ጎረቤቴን ስትሮክ መታት፤ ግራ ጎኗ ሰነፈ። ከመቂ ሽንኩርት እያስመጣች የምታከፋፍል ናት። ጭነት ሲራገፍ ድምጿ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማ ነበር። ሐኪሙ ለልጇ፣ ቶሎ ቆማ መራመድ ካልጀመረች እግሯ እንደሰነፈ ይቀራል አላት። ልጅቱም ወደ እኛ መጣች። «እናንተን ትሰማለች፤ አበርቱልኝ» አለችን።

በየቀኑ ሄድን። ጠዋት የእድሩ ሴቶች፣ ከሰዓት የገበያ ጓደኞቿ። አንዷ «በርቺ» ስትላት ሌላዋ በኦሮምኛ «ጃባዱ» ትላታለች፤ ያው ነው። በሽተኛዋ ደግሞ ታላቅ ሲገባ ተቀምጣ መቀበል አልለመደባትም። ሰው በገባ ቁጥር የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ለመነሳት ትታገላለች። እኛም በአንድ ድምፅ «ኧረ በሞቴ፣ አትነሺ!» እንልና ትከሻዋን ይዘን እንመልሳታለን። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ አበረታናት።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ በዚያ ሙቀት፣ ከገበያ ስመለስ ጎራ አልኩ። ለመናገር እንኳ አቅም አልነበረኝም። በሩ ላይ ቆምኩ። እንደ ልማዷ የአልጋውን ጠርዝ ያዘች። ቀድመው የተቀመጡት ሴቶች «አትነሺ» እስክል ጠበቁ፤ እኔ ዝም አልኩ። እየተንቀጠቀጠች ቆመች።

«እንዴ እትዬ! በሽተኛ ያስነሳሉ?» አለች አንዷ።

«ታላቋ አይደለሁ? ትነሳልኝ እንጂ» አልኩ።

«በዚህ ዕድሜዎ ክብር አማረዎት!» ብላ ሌላዋ ሁሉንም አሳቀቻቸው።

በሽተኛዋ በተጣመመ አፏ፣ «ይግቡ እንጂ፣ እግሬ አለቀ» አለችኝ። ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ እየሄድኩ እስክትነሳልኝ በር ላይ እቆማለሁ። ሌሎቹ ቅር ብሏቸው መምጣት ቀንሰዋል። አላስረዳኋቸውም።

ትናንት «ልሸኝዎ» ብላ ግድግዳውን እየያዘች እስከ በረንዳው መጣች። ከዚያ ወደ ግቢው የሚያወርዱት ሦስት ደረጃዎች ናቸው። አየቻቸውና ቆመች።

«ፈራሁ» አለች።

እኔም ጉልበቴ ከከዳኝ ቆይቷል፤ ስመጣ የወጣኋቸው እያረፍኩ ነው። ይህን አልነገርኳትም። «ነገ ጠዋት ከደረጃው ስር እቆማለሁ» አልኳትና መደገፊያውን ይዤ ወረድኩ።