እማ የተባሉት ሴት

አገርነሽ ከዱርቤቴ ወደ ባሕር ዳር የመጣችው ጨቅላ ልጇን አዝላ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታ ክር ስትፈትል ኖረች፤ ሰባታሚት ሰፈር በተከራየችው አንድ ክፍል ዜማን ብቻዋን አሳደገች። ዜማ ገና ከልጅነቷ ያየችውን ሁሉ ትሥል ስለነበር፣ አድጋ ኮሌጅ ገብቼ ሥዕል ልማር ስትል እናቷ አልከለከለቻትም። የምትከፍልላት ገንዘብ ግን አልነበራትም።

የከፈሉላት ወይዘሮ መቅደላዊት ናቸው። ሐይቁ ዳር ሆቴል ያላቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። በኮሌጁ ሥዕልና ሙዚቃ የሚማሩ ችግረኛ ልጆችን ወጪ፣ ከትምህርት ክፍያ እስከ ቀለምና ክራር ድረስ ይችላሉ። እሑድ እሑድ ደግሞ ልጆቹን ቤታቸው ጠርተው ምሳ ያበላሉ። አገርነሽ መጀመሪያ ላይ እሳቸውን ሳትመርቅ አትተኛም ነበር። እየቆየ ግን ዜማ የሴትዮዋን አነጋገርና የሴትዮዋን ሳቅ ይዛ መምጣት ጀመረች። ሽሮ ሲቀርብላት ጠግቤያለሁ ትላለች። አገርነሽም ምርቃቱን ተወችው።

የተማሪዎቹ ሥዕል ለሕዝብ በቀረበ ቀን የክት ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። በሰው መሐል ልጇን ስትፈልግ ድምፅዋን ከኋላዋ ሰማች።

"እማ፣ ይቺንስ አየሻት?"

አገርነሽ "አቤት" ብላ ዞረች። ዜማ የጠራችው እሷን አልነበረም። የወይዘሮ መቅደላዊትን እጅ ይዛ ወደ ሥዕሏ ትስባቸዋለች። አንቱታው እንኳ ቀርቷል።

አገርነሽ ማንንም ሳትሰናበት ወጥታ ሐይቁ ዳር ብቻዋን ተቀመጠች። ቅናት አንገበገባት። ቤት ስትገባ ልጇን ከእንግዲህ እዚያ ሴትዮ ዘንድ እንዳትሄድ፣ ከሳቸውም ምንም እንዳትቀበል ከለከለቻት። ዜማ ለምን ብላ ጠየቀች። ግን ታዘዘች።

ብዙም ሳይቆይ የዜማ የዘይት ቀለም አለቀ። አገርነሽ እኔ እገዛለሁ አለች። ፈረቃ ደርባ ሠራችና ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አንድ ትልቅ ጣሳ የዘይት ቀለም ተሸክማ ገባች። የበር ቀለም ነበር። ዜማ ጣሳውን አየች፣ እናቷን አየችና ሳመቻት። በማግሥቱ አገርነሽ ከሥራ ስትመለስ በሩ ተቀብቶ አገኘችው። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በከሰል ትሥላለች።

አገርነሽን አላስቻላትም፤ ሆቴሉ ድረስ ሄደች። ወይዘሮ መቅደላዊት ተነሥተው ተቀበሏት። ዜማ ለምን እንደቀረች ግራ ገብቷቸው እንደከረሙ ነገሯት።

"ልጄን ያስተምሩልኝ" አለች አገርነሽ። "ቀለሙንም ይግዙላት፤ እኔ አላውቅበትም። እማ እንድትልዎ ግን አልፈቅድም። የወለድሁ እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

"ሌላ ነገር ብትከለክዪኝ ይሻለኝ ነበር" አሉ። ቆይተው ደግሞ "ይሁን" አሉ።

ዜማ ወደ እሑዱ ምሳ ተመለሰች። ሴትዮዋ ምን ብለው እንደነገሯት አገርነሽ አልጠየቀችም። በተመረቀች ቀን ግን ዜማ ጋዋኗን እንደለበሰች "እትዬ መቅደላዊት፣ ይምጡ ፎቶ እንነሣ" ስትል የሴትዮዋ ፊት ጠቆር ሲል አገርነሽ አየች። ደስም አላት። ደስ ማለቱ አሳፈራት፤ ክልከላዋን ግን አላነሣችም። ልጇን ክንዷን አጥብቃ ይዛ ፎቶውን ተነሣች።