ሽማግሌ የተላከበት ኦሎምፒክ

አያትሽ፣ አባቴ፣ በጎልማሳነታቸው ኮሪያ ዘምተዋል። እሱን ታውቂያለሽ፤ ሲያወሩት ነው የኖሩት። ሲያትል መጥተን ሬኒየር ቫሊ የሚሉት ሰፈር ስንገባ ደግሞ ከቤታችን ጥግ የኮሪያ ሰው ግሮሰሪ አገኙልሽ። በቃ፣ ሁለተኛ ዘመቻ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመን ልግዛ ብለው ይወጣሉ፣ ባለሱቁ ወንበር ያወጣላቸዋል፣ ሻይ ሲጠጡና ሲከራከሩ ውለው ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አይሆንላቸውም፤ በምን እንደሚግባቡ እንጃ።

ኦሎምፒኩ እነሱ አገር፣ ሴኡል ነው የተባለ ጊዜ አያትሽ ፎከሩበት። «ልጆቻችን መጥተው ማራቶኑን ይወስዱልሃል፤ አንተ ውሃ አቀብል» ይሉታል። እሱ ይስቃል። በሱቁ ቲቪ አብረው ሊያዩ ተቀጣጠሩ።

ከዛ አገራችን አልሄድም አለች። የዛን ጊዜው መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ነው፣ ሰሜንና አያትሽ የተዋጉለት ደቡብ ደግሞ ጠበኛ ናቸው። ስለዚህ ወዳጄ ያልተጠራበት ድግስ ይቅርብኝ አለ። ዜናውን ሲሰሙ አያትሽ የኮሪያ ወሬያቸውን አቆሙ። መጀመሪያማ ቤቱ ጸጥ ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ሱቁን መሸሽ ጀመሩ፤ ለአንድ እስር ጎመን ከተማው ማዶ ካፒቶል ሂል ድረስ ይነዳሉ።

«አገሪቱን ያስቀሯት እርስዎ ነዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«የሞትኩለትን ሰው በምን ፊቴ ልየው?»

«መች ሞቱ?»

እኔ እቀልዳለሁ እንጂ እሳቸው ምግብም አልበላ ብሏቸዋል። እዚህ አገር ያላቸው ወዳጅ እሱ ብቻ ነበር። ሌላውማ ወሬያቸውን ሰምቶ ጨርሷል።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላኩበት። አትሳቂ፣ የምነግርሽን ጻፊ። ከቸርች ሁለት አዛውንቶች፣ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው። እኔ ሰውየውን ላሳያቸው ተብዬ አብሬ ሄድኩ።

ባለሱቁ ደንግጦ ወንበር አወጣ። እነሱ ከሩዙ ጆንያ አጠገብ ቆመው ቀሩ።

«ሲት ዳውን» አላቸው።

«እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉ እንግሊዝኛ የሚሞክሩት አንደኛው።

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«መጀመሪያ እሺ በል።»

የኛን ደንብ ከየት ያውቀዋል? ሱፋቸውን አየ፣ ከረባታቸውን አየ፣ ዞሮ ሒሳብ የምትቀበለውን ልጁን አየ።

«ልጄ ኮሌጅ ናት፤ ባል አትፈልግም» አለ።

ልጅቷ በሳቅ ሞተች። እኔ ነኝ የገላገልኩት። «ስለ ኦሎምፒኩ ነው» አልኩት።

«መንግሥታችሁ ነው የላካችሁ?»

«እሱንማ ሸሽተን ነው የመጣነው» አሉ ሽማግሌው። «የላኩን ወዳጅህ ናቸው። አገራቸው ስለቀረች አፍረዋል።»

«የታሉ?»

ሁላችንም በመስኮት አየን። አያትሽ ማዶ መኪናውን ፓርክ አድርገው፣ ባርኔጣቸውን እስከ አፍንጫቸው ደፍተው ተቀምጠዋል።

ሰውየው ሽርጡን እንዳሰረ መንገዱን ተሻገረ። እኔም ተከተልኩት። መስታወቱን አንኳኳ፤ አያትሽ በስንት መከራ ዝቅ አደረጉት።

«ታላቅ ወንድሜ ሰሜን ቀርቷል» አላቸው። «ከጦርነቱ ወዲህ አላየሁትም፤ እኔ እዛ መግባት አልችልም። የናንተ ሰዎች ግን ወዳጅ ናቸውና ከገቡ ይግቡ። ምናልባት አንዱ መንገድ ላይ ያገኘውና ሰላም ይልልኝ ይሆናል።»

አያትሽ ወረዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ አልለቅ አሉት። እኔም ዞር አልኩ።

ስንመለስ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው።

«እሺ በላቸው እንጂ፣ እግራቸው አለቀ» አልኩት።

«ኦኬ» አላቸው። ተቀመጡ።

ማራቶኑን ታዲያ አብረው አዩት። የኛ ሰው የለ፤ አያትሽ የጅቡቲው ልጅ ከፊት ሲመጣ ብድግ አሉ።

«እሱ የኛ ነው» አሉ።

«ጅቡቲ ኢትዮጵያ ነው?» አለ ባለሱቁ።

«እዛ የሚደርሰው ባቡር የኛ ነው።»

ልጁ ሦስተኛ ወጣ።

«በባቡሩ ቢሄድ አንደኛ ይወጣ ነበር» አላቸው ባለሱቁ።

ክርክሩ እንደገና ተነሳ። ጥያቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ።