አባባ ቢጫ የሆኑበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ጎፋ አካባቢ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ስኳር ከያዘኝ ወዲህ ዓይንሽን በየጊዜው ታዪ ተብያለሁ፤ መታየትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ያደክማል። አገጬን ማሽኑ ላይ አስደግፌ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አየሁ፣ አለቀ። ከዓይኔ ጀርባ ያሉት የደም ስሮች ስክሪኑ ላይ ተዘርግተው መጡ።

«መርፌውስ?» አልኩት ባለሙያውን።

«እሱ ድሮ ቀረ ማዘር» ብሎ ሳቀ። ለእኔ ግን አልቀረም።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባባ ሀና ማርያም አካባቢ ገና ያርሱ ነበር፤ ወሩ ኅዳር፣ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ቀኝ ዓይናቸውን ስኳር አጥፍቶታል፤ ግራውም መጋረድ ጀምሯል። ክንዳቸውን ይዤ በዚያ አቧራ ታክሲ እስከሚገኝበት ድረስ ሄድን። ሆስፒታል ስንደርስ እኔን ውጭ አስቀርተው እሳቸውን ጨለማ ክፍል አስገቧቸው። ስሮቹን የሚያሳይ ቢጫ ቀለም ክንዳቸው ላይ ወግተው ዓይናቸውን ፎቶ አነሱ። በኋላ ሐኪሙ ሁለታችንንም ጠርቶ፣ «ስሮቹ እያፈሰሱ ነው። በሳምንቱ ይምጡና በሌዘር እንተኩሳቸዋለን፤ አለዚያ ይሄኛውም ዓይን ይጠፋል» አለ።

ቤት ስንደርስ አክስቴ፣ የአባባ ታላቅ እህት፣ የሽምብራ እሸት ይፈለፍላሉ። ቀና ብለው ወንድማቸውን ሲያዩ ሳህኑ ከጭናቸው ወደቀ። የአባባ ፊት፣ እጅ፣ የዓይናቸው ነጭ ሳይቀር ቢጫ ሆኗል።

«ወይኔ ወንድሜን! የወፍ በሽታ አስይዘው ላኩት!»

እኔም ክው አልኩ፤ ማንም አልነገረኝማ። አባባ ዝም አሉ። ወዲያው ጀሞ በኩል ወደሚኖሩ መድኃኒት አዋቂ ወሰድናቸው፤ ያኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን እርሻ ነው። የተወቀጠ ቅጠል በጥብጠው አጠጧቸው። ሲነጋ ቢጫው የለም። አክስቴ እልል አሉ።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ብሎ ማን ያንሳ? «እነሱ የመረዙትን እኚህ ሰው ባንድ ሌሊት አዳኑት፤ ዓይኑንም እሳቸው ይዩት» አሉ አክስቴ። ለመንኩ፣ አለቀስኩ። አባባ «እህቴ ያለችው ይሁን» ብለው ዘጉት። የሌዘሩ ቀን አለፈ። ክረምት ሳይገባ ግራው ዓይንም ጠፋ።

ከዓመታት በኋላ አንዲት ነርስ ጎረቤታችን ያ ቀለም ሰውን ቢጫ እንደሚያደርግና በማግስቱ ከሽንት ጋር ወጥቶ እንደሚያልቅ ነገረችኝ። እየነደድኩ ወደ አባባ ሄድኩ። ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የሰማሁትን ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ያኔ ቀለሙን የወጋችኝ ልጅ ነግራኛለች። ቢጫ ይሆናሉ፣ አይደንግጡ ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እንተኩሳለን አሉኝ እኮ፣ ልጄ። ያለኝ አንድ ዓይን ነው። ፈራሁ። ፈራሁ ለማለት ደግሞ አፈርኩ።»

ስንት ዓመት አክስቴን ስረግም ኖሬ በአንዴ ማንን እንደምቆጣ ጠፋኝ። አባባንማ ምን ብዬ ልቆጣ?

ባለፈው ሳምንት የክሊኒኩ ሐኪም ምስሌን አይታ የእኔም ስሮች ማፍሰስ እንደጀመሩ ነገረችኝ። «ማክሰኞ ይምጡና ሌዘሩን እንሠራለን» አለች። ማክሰኞ የማልችልበትን ምክንያት አፌ ላይ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ፤ ደህና ምክንያት ነበር፣ ማንም የሚያምነው።

«ማክሰኞ ካልሽኝ አልመጣም። ዛሬውኑ ሥሪልኝ» አልኳት።

«ቸኩለው ነው?»

«አይ» አልኳት። «ፈርቼ ነው።»