የሁለት ሰው ችካል

ደልማር ፕሩዊት በሚስቱ አንድም ቀን ቀንቶ አያውቅም። ቨርና መልከ መልካም ናት፣ ሳቂታ ናት፣ በባፕቲስቱ ቤተክርስቲያን መዘምራን መካከል ዓይኑን የሚጥልባትም አይጠፋም ነበር፤ ደልማር ግን ደንታ አልሰጠውም። ቅናት ምን እንደሆነ የቀመሰው በስተርጅና፣ ከጥጥ መዳመጫው መካኒክነት ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያውም በሆሊስ ጌንትሪ። ሆሊስ ደግሞ ቦርጫም፣ ሸበቶ፣ ሲተኛ የሚያንኮራፋ የዓሣ ማጥመድ ባልንጀራው ነው።

ሁለቱ ከጉርምስናቸው ጀምሮ በአንድ ጀልባ ነው ያረጁት፤ ደልማር ከኋላ ሞተሩን ይዞ፣ ሆሊስ ከፊት ተቀምጦ። የእነሱ ሐይቅ፣ የሰሜን ሚሲሲፒው፣ ክራፒ በሚባለው ዓሣ የታወቀ ነው። ክራፒ ገላው ብርማ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት፣ ከንፈሩ እንደ ወረቀት የሳሳ ዓሣ ነው። ቸኩሎ የሳበው ሰው ከንፈሩን ቀዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። የአገሩ ሰው ይህን ዓሣ በበቆሎ ዱቄት ለውሶ ጠብሶ ሲበላ ንግግር እንኳ ያቋርጣል።

ክራፒ እንዴት እንደሚጠመድ ደልማርን ጠይቆ የተጸጸተ እንጂ መልስ ያጣ የለም። «ክራፒ የሚሰማው ውሃውን ነው» ይላል። «በፀደይ ውሃው ሞልቶ ሲሞቅ እንቁላሉን ሊጥል ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ረጅም የቀርከሃ ዘንግና ክንድ የምታህል ክር ይዘህ መሐሉ ላይ ቁልቁል ታወርዳለህ። ውሃው ከደፈረሰ ግንዱን እስክትነካ ጠጋ በል፤ ዓሣው በዳበሳ ነው የሚበላው። ከጠራ ራቅ ብለህ ቁም፣ ክርህን አቅጥን፣ ሳልህንም ዋጥ። በሐምሌ ሙቀት ጥልቁ ላይ ብዙ ዘንግ ከጀልባው አፍንጫ ዘርግተህ ቀስ እያልክ ጎትት። ወንዙ የጥንት አቅጣጫውን ትቶ ባስቀረው የተኛ ውሃ ላይ ደግሞ ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ እዚያ የቸኮለ ዓሣም ሰውም የለም።»

አንዲት ሙያ ግን አልሆንልህ ብላዋለች። ከሀብታሞቹ የጀልባ ማቆሚያ መድረክ ሥር፣ ጥላው ውስጥ የተወሸቀውን ዓሣ ለማግኘት መንጠቆዋን በጣት ይዞ፣ ዘንጉን እንደ ቀስት ደግኖ፣ በሳንቃውና በውሃው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ማስፈንጠር ያስፈልጋል። ደልማር ጣቱን ወግቶ ትቷታል። ሆሊስ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያስገባት ነበር። ሰው ሲያደንቀው ደልማር «የኔ ሰው እኮ ነው!» እያለ ደረቱን ይነፋል።

ባለፈው መከር ሆሊስ ሳታት። መንጠቆዋ ሳንቃው ላይ ተሰካች፤ አውልቆ ደገመ፣ አሁንም ተሰካች። ደልማር በሳቅ ፈረሰ።

«ምነው ሆሊስ፣ እጅህ እንደ አዲስ ሙሽራ ይንቀጠቀጣል?»

ይህችን ቀልድ የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ወስዶ ደጋግሞ አወራት። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ሆሊስም አብሮ ሳቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። ከዚያም ቀረ፣ ቀረ።

ባለሱቋ ጁዌል ናት ነገሩን ያፈነዳችው። ደልማር ትንንሽ የማባበያ ዓሦች ሊገዛ ሲገባ፣ ከሣጥኑ በወንፊት እየጨለፈች፣ «ደልማር፣ ሚስትህን ከሜምፊሱ ሰውዬ ጋር አየኋት» አለችው።

«ቨርናን?»

«ሆሊስን ነው እንጂ!»

ሱቁ በሳቅ ሲሞላ ደልማር ሒሳቡን ወርውሮ፣ ዓሦቹን እዚያው ረስቶ ወጣ። የሜምፊሱ ሰውዬ ኮልተን ነው፤ አርባዎቹን የያዘ ጣሪያ ሠሪ፣ ሐይቁ ዳር ቤት ገዝቶ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው። ጀልባው ላይ ከውሃው በታች ያለውን ሁሉ፣ ዓሣው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ሳይቀር የሚያሳይ ስክሪን ተክሏል። ደልማር ይህን ስክሪን ሲያስበው ቆሽቱ ያርራል። ዓሣን እንደ ቴሌቪዥን ካዩት በኋላ ምኑን ማጥመድ ሆነ?

ከዚያ ወዲያ ደልማር ሰው አልሆነም። ዳቦ ልገዛ ብሎ ይወጣና ፒካፑን በሆሊስ ደጅ ያሳልፋል፤ የሆሊስ መኪና ካለች እፎይ ይላል፣ ከሌለች ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን የአጋዘን ማደኛ መነጽሩን ይዞ ከግድቡ ላይ ሲቃኝ፣ ሆሊስ በኮልተን ጀልባ ፊት ተቀምጦ ከት ብሎ ሲስቅ አየ። ሳቁንስ በቻለው። ግን ኮልተን የሰርዲን ቆርቆሮ ከፈተ፤ ሁለቱም ከአንዱ ቆርቆሮ እያወጡ በጨው ብስኩት ላይ እያደረጉ በሉ።

«ሰርዲን!» አላት ቨርናን ቤት ገብቶ። «ሰርዲን አብረው በሉ!»

«ወይ ጉድ፣ ከዚህ በኋላማ መጋባት ነው የቀራቸው።»

«ትቀልጃለሽ አንቺ።»

«ጣውንት የመጣባት ሴት መስለህ እንዴት አልቀልድ? ሂድና ፊት ለፊት ጠይቀው።»

«እኔ ነኝ የምጠይቀው? የሄደው እሱ፣ እግሩ ሥር የምወድቀው እኔ?»

«እንግዲያው ቆሽትህን እያሳረርክ ተቀመጥ» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ተቀመጠ፤ ጥር እስኪገባ። በብርዱ ወራት የግድቡ ሰዎች ለፀደይ ዝናብ ቦታ ለማስለቀቅ ውሃውን ይለቁታል፤ ሐይቁ ሸሽቶ ሸሽቶ ወለሉ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ይሆናል። ያኔ አጥማጆቹ መዶሻና የኦክ እንጨት ችካል ተሸክመው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። ችካሉን አንድ ክፍል በሚያህል ቦታ ላይ ጠጋ ጠጋ አድርገው ይተክሉታል። ውሃው ሲመለስ ሁሉም ይሸፈናል፣ ክራፒ ቤቴ ብሎ ይገባበታል፣ የት እንዳለ የሚያውቀው ግን የተከለው ብቻ ነው። የደልማርና የሆሊስ ችካል ያለው ያረጀው ጅረት ክርኑን ያጠፈበት ጋ ነው። ከጀልባ ላይ የቤተክርስቲያኑ ጉልላት ከከተማው የውሃ ታንከር ጋር ሲገጥም፣ ሥሩ ነህ ማለት ነው። ወጣት ሳሉ ለሦስተኛ ሰው ላያሳዩ ተማምለዋል፤ ደልማር ለልጆቹ እንኳ አላሳየም።

አሁን ግን እንቅልፍ የነሣው ይኸው ችካል ነው። ሰርዲን የተካፈለ ሰው ችካል ማሳየት ያቅተዋል? በዓይነ ሕሊናው ኮልተን ጀልባውን እዚያ ላይ አቁሞ፣ በስክሪኑ እያየ፣ «ዋው፣ ሆሊስ!» ሲል ይሰማዋል። ከሚበሉብኝ እኔም አልብላው አለ።

ጥር ውስጥ አንድ ጭጋጋማ ጠዋት የብረት መፈንቀያ ይዞ ብቻውን ወረደ። የወጣትነት ላባቸው የገባበትን ችካል እያወዛወዘ ነቀለው፤ አንዱንም ሳያስቀር ጎርፍ በቦረቦረው ገደል ውስጥ ወረወረው። ይህን መሰል ሥራ ጠላትም አይሠራውም። ሲጨርስ እፎይ የሚል መስሎት ነበር፤ የወገብ ሕመም ብቻ ቀረለት። በየዓመቱ በየካቲት የበሰበሰውን ለመተካት ሆሊስን የሚጠራው እሱ ነበር። ዘንድሮ አልጠራውም።

መጋቢት ገባ፣ ዝናቡ ዘነበ፣ ሐይቁ ተመለሰ። ለፋሲካ ዋዜማ ቤተክርስቲያኑ የዓሣ ጥብስ ያዘጋጃል፤ ዓሣውን የሚያቀርቡት ደግሞ ከድሮም ሁለቱ ናቸው። ደልማር ዘንድሮ ኮልተን ያቀርባል ብሎ ቆርጦ፣ በረንዳው ላይ አኩርፎ እንደተቀመጠ ሆሊስ ዘንጉን ይዞ ግቢው ውስጥ ገባ።

«ተነሣ፤ ጥብሱ ደርሷል።»

«ኮልተንስ?»

«ኮልተን ምን ሆነ?»

«ስክሪን አለው አይደል?»

«አለው። አሁን ትነሣለህ ወይስ ተንበርክኬ ልለምንህ?»

ደልማር ደስታው እንዳይታይበት ፊቱን አዙሮ ባርኔጣውን ፈለገ። ጀልባዋ ውሃ ላይ እስክትወርድ ድረስ ከእሱ የበለጠ የተደሰተ ሰው አልነበረም። ሞተሩን ሲያስነሣ ግን የነቀለው ችካል ትዝ አለው።

«ቁጥቋጦው አይሻልም?» አለ።

«ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ወደ ችካላችን ሂድ።»

ችካላችን። ደልማር ጀልባዋን ወደዚያው አዞረ። ጉልላቱ ከታንከሩ ጋር ሲገጥም ሞተሩን አጠፋ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ከሥራቸው ባዶ ጭቃ እንዳለ እያወቀ መልሕቅ ጣለ።

ሆሊስ አንዲት ትንሽ ዓሣ ከባልዲው አውጥቶ መንጠቆው ላይ ሊሰካ ሞከረ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ዓሣዋ አምልጣው ወደቀች፤ ሌላ አነሣ፣ እሷም ወደቀች። ደልማር አሁን ነው እጁን በደንብ ያየው። ብርድ አልነበረም። ከትከሻው ጀምሮ የሚወርድ፣ ማንም ሊያስቆመው የማይችል መንቀጥቀጥ ነበር።

«ሐኪም አየህ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አየኝ። እየባሰ ነው የሚሄደው አለኝ።» ሆሊስ እጁን አልደበቀም። «ኮልተን መንጠቆዬን አስሮ ይሰጠኛል፤ ትንፍሽ አይልም። አንተ ግን ጁዌል ሱቅ ሄደህ ትሰብክብኛለህ። ለዚህ ነው የሄድኩት።»

ደልማር ባርኔጣውን አወለቀ። ይቅርታ ማለት ፈልጎ ነበር፤ ግን በየቱ ይጀምር? ስለ ቀልዱ ይቅርታ ሲል ችካሉ አለ። ሆሊስ በመጨረሻ እንደምንም ሰክቶ ክሩን ለቀቀ፤ ደልማርም የሚሠራው ሲያጣ የራሱን አወረደ።

ክሩን የሚያሰጥመው እርሳስ መሬት ሳይደርስ ኳ አለ። ደልማር ክሩን ከፍ አድርጎ እንደገና አወረደው። ኳ። እንጨት ነው። ወደ ጎን ወሰደው፤ እዚያም እንጨት። ገና እንደደነገጠ የሆሊስ ዘንግ ጫፍ ጠቅ አለች፣ ጎበጠች፤ ሆሊስ ክንዱን ወደ ላይ ብቻ፣ ቀስ አድርጎ አነሣው። የእጅ መዳፍ የሚያህል ክራፒ እየተወራጨ ጀልባው ውስጥ ገባ።

«ምን አፈጠጥክ?» አለ ሆሊስ። «ዓሣ አይተህ አታውቅም?»

«ይሄ… እንጨቱ…»

«የካቲት ላይ ሳትጠራኝ ስትቀር ብቻዬን ወረድኩ። ጉድጓዱን አየሁ፣ ችካሉን ገደሉ ውስጥ አየሁ፣ ጭቃው ላይ ደግሞ የቀኙ ቀጥ ብሎ የግራው ወደ ውጭ የሚዞር የጫማ ዱካ አየሁ። በዚህ አገር እንደዚያ የሚሄድ አንድ ሰው ነው።»

ደልማር አንገቱን ደፋ። ግራ እግሩን የጥጥ መዳመጫው ነው እንደዚያ ያስቀረው። ሆሊስ ዓሣውን ለመያዝ ሲታገል ቆይቶ ባልዲው ውስጥ ጣለው።

«ኮልተን እንዳያውቀው ብለህ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«አንተ ባትነቅለው ኖሮ እስክሞት አያውቀውም ነበር። አፌ ላይ አልመጣም። ስትነቅለው ጊዜ ግን በዚህ እጄ ብቻዬን መልሼ ልተክለው አልችልም።»

«እሱ ነው የተከለው?»

«እኔ ነኝ የተከልኩት፤ መዶሻው የኔ ነበር። እሱ ችካሉን ያዘልኝ።» ሆሊስ መዳፉን ዘርግቶ እየተንቀጠቀጠ አሳየው። «ይህ እጅ ከባድ መዶሻ ሲያነሣ፣ ሥሩ ጣቱን ዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው ብዙ አይገኝም። እስከ መጨረሻው ችካል ድረስ ያዘልኝ።»

እዚህ ላይ ደልማር ማፈር ነበረበት፤ አፈረም። ግን ከእፍረቱ ቀድሞ ሆዱ ውስጥ ገብቶ የበላው፣ ያ የሜምፊስ ሰው በጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ ጣቶቹን ለሆሊስ መዶሻ አሳልፎ ሲሰጥ በዓይነ ሕሊናው መታየቱ ነው። ሰርዲኑ ምንም አልነበረም። ስክሪኑም ምንም አልነበረም።

«እኔ እይዝልህ ነበር» አለ። «ሆሊስ፣ እኔ ነበርኩ መያዝ የነበረብኝ።»

«አንተማ ስትነቅል ነበርክ» አለው ሆሊስ፤ ባዶውን መንጠቆም ዘረጋለት። «በል፣ ዓሣ ስካልኝ። ጥብሱ ነገ ነው።»